«ተጫወትን» በሚለው መልስ ውስጥ ምን አለ?

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ፣ የማበልጸጊያ ክላሳችን ሲያልቅ፣ ባሕር ዳር ውስጥ አንድ መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ ብትቆሙ ያው አንድ ዓይነት ወሬ ነው የምትሰሙት። ባጃጁ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃል። ወላጅ የልጁን ቦርሳ ይቀበላል። «ዛሬ ምን ተማርክ?» ልጁ ሳያስብ ይመልሳል፤ «ተጫወትን!» ከዚያ ወላጁ ቀና ብሎ እኔን፣ አስተማሪዋን፣ ያየኛል። አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ አይስቅም። አምና አንድ አባት ፊት ለፊት ጠየቀኝ፤ «ቲቸር፣ እኔ ለጨዋታ ነው እንዴ የምከፍለው? ጨዋታማ ሰፈርም ሞልቷል።»

አልተቀየምኩም። ብሩ የእሱ ነው፣ ጥያቄውም ልክ ነው። ግን አንድ እግሩን ባጃጅ ውስጥ ላስገባ ሰው ይሄን ነገር ማስረዳት አይቻልም። እዚህ ልሞክረው።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ፣ ምክንያቱም ግማሹ ግራ መጋባት ከስሙ ነው የሚመጣው። ማጠናከሪያ የሚባል አለ፣ ብዙዎቻችን ቱቶር የምንለው። እሱ ክፍል ውስጥ የተሰጠውን ደግሞ ማስረዳት ነው፤ ሒሳብ የከበደው ልጅ ሒሳብ ይደገምለታል። ማበልጸጊያ የምንለው ሌላ ነው። ክፍል ውስጥ ጊዜ የማይበቃላቸውን ነገሮች ይዞ ይመጣል፤ አባከስ (በዘንግ ላይ በተሰኩ ዶቃዎች መደመር)፣ ቼዝ፣ ክራር፣ ሥዕል፣ ኮዲንግ (ለኮምፒውተር ትእዛዝ መጻፍ)፣ የእጅ ሥራ፣ ሐይቅ ዳር ወጥቶ ወፍ መቁጠር። ሁለቱን የሚቀላቅሉ ትምህርት ቤቶች አሉ። «ማበልጸጊያ» ብለው ያስከፍሉና ልጁን የሳምንቱን ደብተር ያስገለብጡታል። እዚህ የማወራው ከ4 እስከ 8 ዓመት ስላሉ ልጆች ነው። ከዚያ በላይ ሲሆኑ ነገሩ ይለያል።

አንድ ቅዳሜ ላሳያችሁ።

ከሐይቁ ዳር ደንገል አስመጣን። ያው ከዘጌ እንጨት ጭኖ የሚመጣው ታንኳ የሚሠራበትን። ስንዝር ስንዝር አድርገን ቆራረጥነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ጥቂት ጥቂት ከክር ጋር ሰጠን። ትእዛዙ አጭር ነው፤ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ሥሩ፣ ከዚያ ቆርኪ ጫኑበት። መሃል ላይ አንድ ትልቅ ሳፋ ውሃ አለ። እኔ አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። (ከሥራዬ ሁሉ ከባዱ ይሄ ነው። ልጁ ክሩን ሲያበላሸው እጃችሁ ራሱ ይሄዳል።)

አንዲት የ5 ዓመት ልጅ ቶሎ ቶሎ አሰረችና ሳፋው ጋ መጣች። «ስንት ቆርኪ የሚችል ይመስልሻል?» አልኳት። «መቶ!» አለች። ቆርኪዎቿን ሁሉ አንድ ጫፍ ላይ ከመረቻቸው። አራተኛው ላይ ግልብጥ። ዝም ብላ አየችው። አላለቀሰችም፣ ግን ከንፈሯ ጀምሮ ነበር። ቆርኪዎቹን ከሳፋው ሥር ለቀመች፣ ክሩን አጠበቀች፣ ተመለሰች። «አሁንስ ስንት?» «አምስት።» በዚህኛው አንዱን ወደ ቀኝ፣ አንዱን ወደ ግራ እያለች ደረደረች። ሰባት ደረሰ። ሦስተኛ ጊዜ ስጠይቃት ወዲያው አልመለሰችም። ታንኳዋን በእጇ መዘን መዘን አደረገችና «ስምንት» አለች። ዘጠኝ ቻለ። አጠገቧ ያለው ልጅ የእሱ ሲገለበጥበት «ከበደ» አለ። እሷ ዞር ብላ አረመችው፤ «አልከበደም፤ አጋደለ።»

ይቺን «አጋደለ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ።

በ40 ደቂቃ ውስጥ ምን ሆነ? ግምቷ ከመቶ ወደ አምስት፣ ከዚያ ወደ ስምንት መጣ፤ ማለትም ገምታ፣ ሞክራ፣ ያየችውን ይዛ እንደገና ገመተች። ሳይንስ የሚባለው ነገር ሥሩ እዚያ ነው። የቆጠረችውም «ቁጠሪ» ስለተባለች አይደለም፣ ቁጥሩን ፈልጋው ነው። ክር አሰረች፣ ፈታች፣ መልሳ አሰረች። የሆነውን ነገር ከምክንያቱ ጋር በራሷ ቃል ለየች፤ መክበድ ሌላ፣ ማጋደል ሌላ። የተበላሸባትን ትታ አልሄደችም። ከዚያ በር ላይ አባቷ ሲጠይቃት ምን አለች? «ተጫወትን።»

አልዋሸችም። የ5 ዓመት ልጅ የተሰማውን እንጂ ያሰበውን ቆሞ አያይም። ስንቶቻችን ነን እኛስ ሥራ ውለን ገብተን «ምን ሠራህ ዛሬ?» ስንባል «ኧረ ምንም» የምንለው?

አሁን ትንሽ ስለ አንጎል። አይሰለቻችሁ፣ አጭር ነው። ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል የቤቱ ሥራ አስኪያጅ ነው በሉት። ሦስት ሥራ አለው። አንደኛ፣ የተባለውን ነገር ለጥቂት ጊዜ ይዞ ማቆየት። ሁለተኛ፣ ልብ የፈለገውን ወዲያው ከማድረግ ራስን መግታት። ሦስተኛ፣ አንዱ መንገድ ሲዘጋ ወደ ሌላ መዞር። ይሄ ክፍል ከሁሉም ዘግይቶ ነው የሚበስለው፤ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ እየተሠራ ይቆያል። ለዚህ ነው የ4 ዓመት ልጅ ተራ ጠብቅ ሲባል ሰውነቱ ሁሉ የሚጨንቀው። አመል አይደለም፤ ሥራ አስኪያጁ ገና ተቀጥሮ መግባቱ ነው። በዚህ ዕድሜ እሱን በደንብ የሚያሠራው ደግሞ ሕግ ያለው ጨዋታ ነው። «አኩኩሉ!» ብሎ «አልነጋም!» እስከተባለ ድረስ ዓይንን ሳይገልጡ መቆየት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሰኞ ማክሰኞ ላይ መስመር ሳይረግጡ በአንድ እግር መዞርም እንደዚያው። የቀድሞ ሰፈር ይሄን በነፃ ይሰጥ ነበር። አሁን ብዙ ልጅ የተቆለፈ ግቢ ውስጥ ከስልክ ጋር ነው የሚውለው፤ ስለዚህ ያኛው ነገር የቅዳሜ ክላስ ሆኖ በክፍያ መጣ። ያ አባት «ጨዋታማ ሰፈርም ሞልቷል» ሲል ልክ ነው ያልኩትም ለዚህ ነው። ሰፈሩ እውነት ከሞላ ማለቴ ነው።

ወደ ኮዲንግ ልለፍ፣ ወላጅን በጣም የሚያጓጓው እሱ ስለሆነ።

ለትንንሽ ልጆች ኮዲንግ ያለ ኮምፒውተር ይጀመራል። አንድ ቀን ከቤት እንጀራና ሽሮ ይዤ ገባሁ። «እኔ ሮቦት ነኝ፤ ያላችሁኝን ብቻ ነው የማደርገው። እንዴት እንደምጎርስ ንገሩኝ» አልኳቸው። (ሮቦት አንቱ አትባልም ብለው ነው መሰለኝ፣ ያን ቀን ሁሉም በ«አንቺ» ነበር የሚያዙኝ።) «ብዪ!» አለ አንዱ። ዝም። «እንጀራ አንሺ!» ሙሉውን እንጀራ በሁለት እጄ እንደ ነጠላ አነሳሁት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «አስቀምጪው! ቁረሺ!» ለሁለት ገመስኩት። «ትንሽ! ትንሽ ቁረሺ!» ቆረስኩ። «ሽሮው ውስጥ ክተቺ!» እንጀራውን በግራ ይዤ ቀኝ እጄን ከተትኩ። «እጅሽን አይደለም! እንጀራውን!» እንዲህ እያልን አንድ ጉርሻ ለመጉረስ ሩብ ሰዓት ፈጀን። መጨረሻ ላይ አንድ የ7 ዓመት ልጅ ትእዛዙ ሲደጋገም ሰለቸውና «እስክትጠግቢ ድረስ እንደዚሁ ደጋግሚ» አለ። ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች በየቀኑ የሚጽፉት ይሄንኑ ነው፤ አንድ ነገር እስኪሆን ድረስ ይሄን ድገም። ቅደም ተከተል፣ ግልጽ ትእዛዝ፣ ስህተቱ የትኛው እርምጃ ላይ እንደገባ መፈለግ፣ መደጋገም። ኮምፒውተሩ ሲመጣ ልጁ እነዚህን ይዞ ነው የሚቀመጠው። ለዚህ ዕድሜ ተብለው የተሠሩ ነገሮችም አሉ። ስክራች ጁኒየር የሚባለው የታብሌት መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሲሆን ከ5 እስከ 7 ዓመት ላሉ ልጆች ነው የታሰበው፤ ማንበብ አይጠይቅም፣ ሥዕል ያለባቸውን ቁራጮች መገጣጠም ብቻ ነው።

ይሄን የምለው ሌላውንም ስላየሁ ነው። የዘመዴ ልጅ የተመዘገበበት አንድ ትምህርት ቤት «ኮዲንግ» ብሎ ሲያስከፍል ከረመ። ደብተሯን ገለጥኩት። ሞኒተር። ኪቦርድ። ማውስ። ከሰሌዳ የተገለበጠ፣ በቀይ እስክሪብቶ ራይት የተደረገበት። አራት ሳምንት ሙሉ። ልጅቷ ማውስ አልነካችም።

አባከስ ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱን ሰው ከሚገባው በላይ ያደንቀዋል፣ ወይ ከሚገባው በታች ይንቀዋል። አሠራሩን ልንገራችሁ። የጃፓኑ ዓይነት በየዘንጉ ላይ አምስት ዶቃ አለው። የላይኛዋ አንዷ 5 ናት፤ የታችኞቹ አራቱ እያንዳንዳቸው 1 ናቸው። ልጁ 4 ይዟል እንበል፤ አራቱም የታች ዶቃዎች ወጥተዋል። «3 ጨምር» ተባለ። የሚጨመር ዶቃ የለም። ስለዚህ 5ን ያወርድና 2 ይመልሳል። ሱቅ ሄዶ 3 ብር ለመክፈል 5 ብር ሰጥቶ 2 ብር መልስ መቀበል ማለት ነው። ይሄ የገባው ልጅ ቁጥር ተሰብሮ እንደሚገጣጠም ያውቃል፤ እሱ ትልቅ ነገር ነው። እየቆየ ደግሞ ዶቃውን በዓይነ ልቦናው ያየዋል፣ ጣቱን አየር ላይ እያንቀሳቀሰ ይደምራል። ወላጆች እዚህ ጋ ያጨበጭባሉ፣ ቪዲዮ ይቀርጻሉ።

ግን አንድ ልጅ ነበረኝ። 46 እና 37ን አየር ላይ ደምሮ ሳልጨርስ «83!» ይላል። «ሦስት ባጃጅ አለ፤ አንዱ ባጃጅ ሦስት ልጅ ይጭናል፤ አሥር ልጆች ይበቃቸዋል?» አልኩት። ጣቱን አንቀሳቀሰና «አሥራ ስድስት» አለኝ። ሁሉንም ደምሮት። ፍጥነቱ አለ፤ ጥያቄው ምን እንደሚል ግን አላየም። ስለዚህ የአባከስ ክላስ ጥሩ የሚሆነው ባጃጁም አብሮ ሲመጣ ነው።

ቼዝም ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ። «ቼዝ ሒሳብ ያጎብዛል» ይባላል። እንግሊዝ አገር 100 ትምህርት ቤቶች ላይ ይሄ ተፈትኖ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ወጥቷል። በትምህርት ሰዓት ቼዝ የተማሩት ልጆች ከአንድ ዓመት በኋላ በሒሳብ ካልተማሩት በልጠው አልተገኙም። እነሱ የ9 እና የ10 ዓመት ልጆች ነበሩ፣ ግን ነገሩ ለሁላችንም ይጠቅማል። ሙዚቃም እንደዚያው። ሕፃን ልጅ የሞዛርትን ሙዚቃ ሲሰማ ይጎብዛል የሚለው ወሬ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1993 ከወጣ ጥናት ነው፤ የተፈተኑት ደግሞ ሕፃናት ሳይሆኑ የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ፣ ውጤቱም የቆየው ሩብ ሰዓት እንኳ በቅጡ አይሞላም። ሰው የተለማመደውን ነው የሚጎብዘው። ቼዝ የተማረ ቼዝ ይጎብዛል። ታዲያ ለምን እናስተምራለን? እኔ በበኩሌ ቼዝ የምወደው አንድ ልጅ እጁን ፈረሱ ላይ ጭኖ፣ ቆም ብሎ፣ «እኔ ይሄን ብሄድ እሱ ምን ያደርገኛል?» ሲል ለማየት ነው። በ6 ዓመት በሌላ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ ማሰብ ቀላል አይደለም። አያቶቻችንም ሰንጠረዥ (የአገራችንን የቀድሞ ቼዝ) ይጫወቱ ነበር፤ ለሒሳብ ፈተና ብለው አልነበረም።

የእጅ ሥራውን በአጭሩ ልለፈው፣ ግን እዚህም አንድ የማትጠብቁት ነገር አለ። የእጅ አንጓችን 8 ትንንሽ አጥንቶች አሉት። ልጅ ሲወለድ እነዚህ በአብዛኛው እንደ ጆሮ የሚለመጡ ናቸው፤ ከዚያ ተራ በተራ እየጠጠሩ ይሄዳሉ። የመጨረሻዋ፣ አተር የምታክለው፣ አብዛኛውን ጊዜ መጠጠር የምትጀምረው ከ8 እስከ 12 ዓመት ባለው ነው። አሁን የ4 ዓመት ልጅ ሁለት ገጽ ሙሉ «ሀ» ጻፍ ሲባል ምን እየተጠየቀ እንደሆነ አስቡት። ጭቃ ማድቦልቦል፣ ዶቃ መሰካት፣ በመቀስ መቁረጥ፣ ክር ማሰር እርሳስ ከመያዝ በፊት ጣትን ያጎለብታሉ። ስለዚህ ቀሚሷ ጭቃ ሆኖ ስትመጣ አትቆጧት እባካችሁ። ይልቅ ቅዳሜ አሮጌ ልብስ አልብሷት።

ሙዚቃው ላይ ግን ልቆይ፣ ምክንያቱም ከንባብ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አለው። ልጅ ማንበብ ከመጀመሩ በፊት ቃል ውስጥ ያሉትን ድምፆች ለይቶ መስማት አለበት። በጭብጨባ ነው የምናደርገው። «ጣ–ና»፤ ሁለት ጭብጨባ፣ ሁለት ፊደል። ሰላም ነው። «ባሕር ዳር» ስንል ግን ሦስት ጊዜ ነው የምናጨበጭበው፤ ባ–ሕር–ዳር። ስንጽፈው አምስት ፊደል ነው። ሁለቱ የት ሄዱ? ልጆቹ እዚህ ጋ ይከራከራሉ፣ ደግመው ያጨበጭባሉ፣ አንዱ ተነስቶ በእግሩ ይመታል። ነገሩ የሳድስ ነው፤ ሳድስ ፊደል አንዳንዴ ለብቻው ይሰማል፣ አንዳንዴ ከፊተኛው ተደግፎ ያልፋል። አማርኛ ማንበብ ሲቸግራቸው ያየኋቸው ልጆች ብዙዎቹ የሚደናቀፉት እዚች ጋ ነው። ጆሮው አስቀድሞ ከለመደ ዓይኑ አይደናገጥም።

ፊደል ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ። 33ቱን በ7 ስታባዙት 231 ነው፣ ልጁ ሁሉንም እንደ ዘፈን ይልላችኋል። ጣታችሁን መሃል ላይ «ቴ» ላይ አድርጉና «ይሄ ማነው?» በሉት። ከ«ተ» ጀምሮ እየዘፈነ ይመጣል። ዜማውን እንጂ ፊደሉን አያውቀውም። የቆሎ ተማሪ ቤት የኔታዎች ይሄን ከኛ በፊት ያውቁት ነበር። አቡጊዳ የመጣው ለምን ይመስላችኋል? «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ»፤ ቀጥሎ «በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ»። ዜማው እንዳያታልል ፊደሉን በሰያፍ አናግተው ያስነብባሉ። እኛ ደግሞ ፊደሉን ወለል ላይ በትነን «ዳ ላይ ዝለል፣ ሄ ላይ ዝለል» እንላለን። ልጁ ወጥቶ ምን ይላል? መቼም አትጠይቁኝ።

ታዲያ ወላጅ ምን ይይ? ሰርተፍኬቱን አትዩ፤ ሰርተፍኬት ማተሚያ ቤት ሁሉ ይሠራዋል። ከተቻለ አንድ ቀን ግቡና ግማሽ ሰዓት ኋላ ተቀመጡ። ማነው የሚያወራው? አስተማሪዋ ብቻ ከሆነች ጥርጣሬ ይግባችሁ። ዕቃው በማን እጅ ነው ያለው? የተበላሸ ሥራ እንደገና ይሞከራል ወይስ ይጣላል? ሃያ ልጅ አንድ ዓይነት ሥዕል ይዞ ከወጣ የሣሉት ልጆቹ አይደሉም። አራት ክላስ አታስመዝግቡ፤ አንዱ ይበቃል፣ ቀሪውን ሰዓት ይተኛ፣ ይሩጥ፣ ይሰልቸው። ገንዘብ ከሌለ ደግሞ ቤት ውስጥ ሳፋና ቆርኪ አይጠፋም። ሽሮም።

ባጃጁ ጋ ደግሞ ጥያቄውን ቀይሩት። «ምን ተማርክ?» ለዚህ ዕድሜ በጣም ሰፊ ነው። «ዛሬ ምን አስቸገረህ?» «የፈረሰብሽ ነገር አለ?» «ማን ጋ ተቀመጥክ፣ ምን ሠራችሁ?» በሉ።

ያን «ለጨዋታ ነው እንዴ የምከፍለው?» ያለኝን አባት ይሄን ነግሬው ነበር፣ የሰማኝ አልመሰለኝም። የዚያች የታንኳዋ ልጅ አባት ነው። በሳምንቱ ቅዳሜ ሲመጣ ቦርሳዋን ተቀበለና «ስንት ጫንሽ?» አላት።

«አሥራ አንድ! ግን ያኛው ሳምንት ዘጠኝ ነበር። ከዚያ ዛሬ መሃሉ ላይ ረጠበና ታች ታች አለ፣ ግን አላጋደለም፣ እንዲሁ ነው የወረደው።»

ባጃጁ ጡሩምባ ነፋ። ሰውየው አልሰማውም። ዘጌ ነው ያደገው፣ በኋላ ነው የነገረኝ።

«ደንገሉ ደርቆ ነበር ወይስ እርጥብ ነው?» አላት።

እሷ እኔን አየችኝ። እኔ ደንገሉን ያመጣልንን ጥበቃችንን አየሁት።

«እርጥብ ነው» አለ ጥበቃው።

«ታዲያ ሳይደርቅ ይጫናል እንዴ!» አለ አባትየው፣ እግሩንም ከባጃጁ አወረደ።